እጅ የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው? ስለ አባትና ልጅ መንቀጥቀጥ ለቀረበ ጥያቄ የነርቭ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ከስምንት ዓመት ገደማ ጀምሮ ሁለቱም እጆቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ዘንድሮ ግን ብሶባቸዋል። የቡና ሲኒ ሲያነሱ ይደፋባቸዋል። ባለፈው ወር ገንዘብ ሊያወጡ ባንክ ሄደው ‹ፊርማዎ አይመሳሰልም› ተብለው ተመለሱ። አስም ስላለባቸው ፓፍ ይጠቀማሉ። አጎቴም እጁ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤት ሁሉ ፓርኪንሰን ነው ይላል። የቢ-ኮምፕሌክስ መርፌ ተወግተው ለውጥ አላየንም። እኔ 31 ዓመቴ ነው፤ ካዛንቺስ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ስብሰባ ላይ ስናገር እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የግራ ዐይኔ ሽፋንም ሰሞኑን ይርገበገባል። ወርሼው ይሆን? ሁለታችንም ኤምአርአይ እንነሳ?»

ሰውን ሳይመረምሩ በጽሑፍ ብቻ የበሽታ ስም መስጠት አይገባም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሐኪም ዘንድ ከመቅረብዎ በፊት ምን ማስተዋል እንደሚገባዎና ሐኪሙም እንዴት እንደሚያስብ የሚያስረዳ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። ይሁንና ከገለጻዎ ተነስቼ አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የአባትዎ መንቀጥቀጥ በሁለቱም እጅ ያለ፣ ሲኒ ሲያነሱና ሲፈርሙ የሚብስ፣ ዓመታት ያስቆጠረና በወንድማቸውም ላይ የታየ ከሆነ፣ ከፓርኪንሰን ይልቅ ኢሴንሻል ትሬመር ወደሚባለው፣ እጅ ሥራ ሲይዝ ወደሚያንቀጠቅጠው ሕመም ያደላል። የእርስዎ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ይመስላል። እዚህ ግምት ላይ የሚያደርሰኝ እጁ ምን ያህል መንቀጥቀጡ ሳይሆን መቼ መንቀጥቀጡ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ግን በመጀመሪያው ነው።

ፈጽሞ የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም። አንድ ጡንቻ ተኮማትሮ ሲቆይ የሚሠሩት በርካታ ጥቃቅን ክሮቹ እየተፈራረቁ ስለሆነ፣ የልብ ምትም በአካል ውስጥ ስለሚያስተጋባ፣ ማንኛውም ጤነኛ ሰው እጁን ቢዘረጋ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚሆን በዐይን የማይታይ ንዝረት አለው። ወረቀት በተዘረጉት ጣቶች ላይ ቢያኖሩ የወረቀቱ ጠርዝ ሲርገበገብ ያዩታል። ፍርሃት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ካፌይን፣ ብርድ ወይም ረሃብ ሲጨመርበት አድሬናሊን የተባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይህንኑ ንዝረት ያጎላዋል፤ ሰውየውም «እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ» ይላል። እርስዎ ስብሰባ ላይ የሚያጋጥምዎ ከዚህ የተለየ ነው ብዬ ለማሰብ በጻፉት ውስጥ ምክንያት አላገኘሁም።

አሁን ወደ አባትዎ እንመለስ። ሐኪም በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሚፈልገውን አብዛኛውን ነገር እርስዎ ቤት ውስጥ በእጅ ስልክ ቀርጸው ሊያመጡለት ይችላሉ። አባትዎ ወንበር ላይ ዘና ብለው ይቀመጡ፤ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ያለ ምንም ሥራ ይረፉ። ከዚያም ወሮቹን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ፣ ጳጉሜን፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እያሉ እንዲጠሩ ያድርጉ። ሐሳባቸው በቆጠራው ሲያዝ ያረፈው እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ቀጥሎ ሁለቱንም እጆች ወደ ፊት ዘርግተው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዙ። በሦስተኛ ደረጃ በጠቋሚ ጣታቸው የራሳቸውን አፍንጫና የእርስዎን ጣት እያፈራረቁ ይንኩ፤ ውኃም ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ይገልብጡ። በመጨረሻ መስመር በሌለው ወረቀት ላይ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ሳያስደግፉ ከመሐል ወደ ውጭ የሚሰፋ ጥምዝ መስመር ይሳሉ፤ ሦስት አራት ዐረፍተ ነገርም ይጻፉ።

ከእነዚህ ሁሉ በጣም የምወደው ወረቀቱን ነው። ኢሴንሻል ትሬመር ያለበት ሰው ፊደሉ ትልቅና እንደ መጋዝ ጥርስ የተንቦጫቦጨ ይሆናል፤ የ«ጠ» እግሮች ቀጥ ብለው መውረድ ሲገባቸው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ደግሞ የመጀመሪያውን ቃል ደህና አድርጎ ይጀምርና ወደ መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ ፊደሉ እያነሰ እያነሰ ሄዶ «ሀ»ን ከ«ሁ» ለመለየት መነጽር ያስፈልጋል። ከአምስትና ከአሥር ዓመት በፊት የፈረሙባቸው ወረቀቶች ቤት ውስጥ ካሉ አብረው ያምጡ፤ ለውጡ መቼ እንደጀመረ ከማንኛውም ትውስታ ይልቅ ይናገራሉና።

እጅ በዕረፍት ላይ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሐሳባችን ወደ ፓርኪንሰን ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ይህን ሕመም ሲገልጽ የመዘገበው መንቀጥቀጥ እስከ ዛሬ ያው ነው፦ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚመላለስ፣ ከአንድ ወገን የሚጀምርና እጁ ለሥራ ሲነሳ ጋብ የሚል። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት እርስ በርስ እየተፋተጉ ሰውየው መቁጠሪያ የሚቆጥር ይመስላል። እጁን ዘርግቶ ሲይዝ መንቀጥቀጡ ጥቂት ሰከንዶች ይጠፋና ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ግማሽ ደቂቃ ይያዙ ያልሁትም ለዚህ ነው። ምክንያቱ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩት በመካከለኛው አንጎል ያሉ ሕዋሳት ቀስ በቀስ መሞታቸው ነው። ይሁን እንጂ ፓርኪንሰን በመንቀጥቀጥ ብቻ አይታወቅም፤ በመነሻው መንቀጥቀጥ የሚታይባቸው ሕመምተኞች ከመቶ ሰባ ያህሉ ናቸውና ቀሪዎቹ ያለ መንቀጥቀጥ ይመጣሉ። ያለ እርሱ ምርመራው የማይጸናው ዋና ምልክት የእንቅስቃሴ መዘግየት ነው። ስለዚህ አባትዎን ሌላ ነገር ይጠይቋቸው፤ ይመልከቷቸውም። ሲራመዱ አንደኛው ክንዳቸው እንደ ሌላው ይወዛወዛል? የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ድሮ ከሚፈጅባቸው በላይ ጊዜ ይፈጅባቸዋል? ቡና ሲቆላ ሽታው ይሸታቸዋል? ሌሊት በሕልማቸው እየጮሁ ይራገጣሉ? የሆድ ድርቀት ለዓመታት አስቸግሯቸዋል? ሽታ ማጣት፣ ሕልምን በአካል መኖርና የሆድ ድርቀት መንቀጥቀጡ ከመታየቱ ብዙ ዓመት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። ለእነዚህ ሁሉ መልሱ «የለም» ከሆነና እጃቸው ጭናቸው ላይ ሲያርፍ ጸጥ የሚል ከሆነ፣ የጎረቤቶቻችሁ ግምት ልክ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

ኢሴንሻል ትሬመር በአንጻሩ የሚወጣው እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። ሲኒ ጆሮ የለውም፣ እስከ አፉ ይሞላል፣ ትኩስ ነው፣ ሰው እያየ ይቀበሉታል፤ ይህን መንቀጥቀጥ ለማጋለጥ ከሲኒ የተሻለ መሣሪያ ሐኪም ቢያስብም አያገኝ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፤ ራስንም እንደ እሺታ ወይም እንደ እንቢታ ሊነቀንቅ፣ ድምፅንም ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ ስምምነት ባደረጉበት መለኪያ መሠረት ስሙን ለመስጠት መንቀጥቀጡ ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየና ሌላ የነርቭ ምልክት ያልተጨመረበት መሆን አለበት። ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ በቤተሰባቸው ውስጥ ሌላ ተንቀጥቃጭ አላቸው። አንድ መለኪያ ጠጅ ወይም አረቄ ሲቀመስ ለሰዓት ለሁለት ሰዓት ጋብ ማለቱም የታወቀ ነገር ነው፤ ይህን የምጠቅሰው ለምርመራ ፍንጭ ስለሚሆን ነው፣ በመጠጥ መታከም ግን ሰውን ከመንቀጥቀጥ ወደ ሱሰኝነት ያሻግረዋል። ሕይወትን አያሳጥርም፤ ሰውን ግን ከሰው ያርቃል። ድግስ ቤት ሄደው «ጾም ላይ ነኝ» ብለው ሳይበሉ የሚመለሱ፣ ቡና ሲቀርብ ከበረንዳ የማይነሱ፣ በለቅሶ ቤት ንፍሮ ለመዝገን እጃቸውን የማይዘረጉ አዛውንቶችን ቤተሰባቸው «ጸባያቸው ተለወጠ» ብሎ ያመጣቸዋል። አባትዎ በባንክ መስኮት ላይ ያጋጠማቸው ከዚህ የሚቆጠር ነው።

«ዘንድሮ ብሶባቸዋል» ያሉት ግን በዕድሜ ብቻ ይታለፍ አልልም። በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፓፉ ነው። ሳልቡታሞል፣ ማለትም ሲነፉት ትንፋሽ የሚከፍተው፣ ጡንቻ ላይ ያሉትን የአድሬናሊን ተቀባዮች በቀጥታ ስለሚቀሰቅስ መንቀጥቀጥን ከሚያብሱ መድኃኒቶች ግንባር ቀደሙ ነው። ዘንድሮ ከወትሮው አብዝተው የሚነፉ ከሆነ፣ መንቀጥቀጣቸው የባሰው አስማቸው ስለባሰ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውም ፓፉን ማስጣል ሳይሆን አስሙን በየዕለቱ በሚወሰድ ተከላካይ መድኃኒት መቆጣጠር ነው። ፓፉን በራሳቸው እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ ማንም አይሞትም፣ አስም ግን ይገድላል።

ከፓፉ ሌላ መንቀጥቀጥ የሚያመጡ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው፦ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮየት፣ ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጠው ሊትየም፣ ለድብርት የሚሰጡት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን፣ የስቴሮይድ ዓይነት የሆነው ፕሬድኒሶሎን፣ ከመጠን ያለፈ የታይሮይድ ክኒን። ከእነዚህ በተለየ መንገድ ደግሞ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲልም የዶፓሚንን ሥራ ስለሚዘጉ ፓርኪንሰን የሚመስል ዝግመትና መንቀጥቀጥ ያመጣሉ፤ ይህም መድኃኒቱ በሐኪም ከተቀየረ በኋላ እንኳ ለመጥፋት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ወጣት ሰው ለማቅለሽለሽ ፕላሲል ተወግቶ በሰዓታት ውስጥ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ሲጠመዘዝ፣ ዐይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ አልወርድ ሲል፣ ምላሱ ሲተሳሰር ያየ ቤተሰብ የሚደርስበትን ድንጋጤ አውቀዋለሁ። አብዛኛው መንፈስ ያዘው ብሎ ያስባል። አስፈሪ ቢመስልም ተገቢው መርፌ ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ የመድኃኒት ጉዳት ነው፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ብቻ ይበቃል።

ታይሮይድ የተባለውን የአንገት ዕጢም ሥራ ሳይለኩ ማለፍ አይቻልም። ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ የተዘረጋ እጅ በፍጥነት ይርገፈገፋል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውየው ሌላው ካፖርት ለብሶ እርሱ ያልበዋል፣ እየበላ ይከሳል። እንቅርት ባለበት ሰው ላይ ይህ ሲታይ ምርመራው አያሻማም፤ ነገር ግን አንገት ላይ ምንም ሳይታይም ሊኖር ይችላል። በደም የሚደረገው የቲኤስኤች ምርመራ በመሐል ከተማ ባሉ አብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ይሠራል።

የደም ስኳር መውረድም በተለይ በጾም ወራት ብዙ ሰው ያመጣልናል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ጠዋት ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ መግሪብ ሳይቀምስ ሲውል ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ይወርድና በድንገት መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ መምታትና ግራ መጋባት ይመጣበታል። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ዳግም መለካት ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል። መጾም የሚፈልግ የስኳር ሕመምተኛ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአነቃቂው ዕፅ ከአምፌታሚን የሚዛመድ ስለሆነ እጅን ማንቀጥቀጡ አያስገርምም። አረቄ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ጠዋት እጁ ተንቀጥቅጦ የመጀመሪያዋን መለኪያ ሲቀምስ ከቆመለት፣ ይህ አካሉ የአልኮል ጥገኛ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በምክርም በስለትም ተገፋፍቶ በአንድ ጊዜ ሲያቆም ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ሊያንቀጠቅጠው፣ ጥሎት ሊያንፈራግጠው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከልም ያልነበረ ነገር እያየ ሊቃዥና ሊሞት ይችላል። ማቆሙ የሚደነቅ ሆኖ ሳለ በሐኪም ክትትል መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ለብዙ ዓመት የተጠጣ አልኮል ደግሞ ሴረቤለም የተባለውን የኋለኛ አንጎል ክፍል ስለሚጎዳ፣ እጅ ወደ ዒላማው ሲቃረብ የሚብስ ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥና የሰከረ የሚመስል አረማመድ ያስቀራል፤ ያው ክፍል በስትሮክም፣ ከመጠን ባለፈ ፌኒቶይን በተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒትም ይጎዳል።

መንቀጥቀጥ እየተባለ የሚመጣ ሁሉ ትሬመር፣ ማለትም እስካሁን የገለጽሁት በምት የሚመላለስ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ እዚህ ላይ መምታታት አደጋ ስላለው በመጠኑ ልዘርዝር። ብርድ ብርድ ብሎ ጥርስ እስኪፋጭ የሚያንቀጠቅጥ፣ ተከትሎም ትኩሳትና ላብ የሚመጣበት ሕመም የነርቭ ሳይሆን የኢንፌክሽን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ወባ እዚሁ አይዛመትም፤ ነገር ግን ወደ ጋምቤላ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ደርሶ የተመለሰ ሰው ከወራት በኋላ እንኳ ሊነሳበት ይችላል፣ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆያልና። ስለዚህ ካዛንቺስ ቢኖርም የት ከርሞ እንደመጣ ሳይናገር ከሐኪም ፊት አይነሳ። ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው፤ ራስን አስቶ መላ አካልን የሚያንፈራግጥ ብቻ ሳይሆን ሰውየው እያወቀ አንድ እጁን ወይም ከፊቱ ግማሹን ለደቂቃ የሚያወራጭም አለ። የሚያንፈራግጠውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ከአጠገቡ የሚጎዳውን ነገር ማራቅ፣ ሰዓት መያዝ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት እንጂ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ እጁን በጉልበት መዘርጋት፣ ጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት አይጠቅምም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፣ ክብሪቱም ያቃጥላል። ሦስተኛው የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፉን ቀና ሲያደርግ እጁ በየመሐሉ ዝልፍልፍ እያለ የሚወድቅበት ነው፤ ይህ ከእንቅልፍ ማብዛትና ከመዘባረቅ ጋር ከመጣ ለነገ አይባልም። ልጆች ላይ ደግሞ ከጉሮሮ ሕመም ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ እጅና ፊት ያለ ፈቃድ ሲቁነጠነጡ፣ ዕቃ ሲወድቅባቸው፣ «ቀበጠ» ተብለው ከመቀጣታቸው በፊት ልባቸው ይታይ፤ የልብ በር (ቫልቭ) የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት አንዱ ገጽ ነውና።

ጭንቀትና ሐዘን የሚያመጡት መንቀጥቀጥም አለ። ከፍርሃት የሚመጣውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ሰውየው ሳያስመስል፣ ፈቃዱም ሳይኖርበት፣ በድንገት ጀምሮ የሚቆይ፣ ሐሳቡ ወደ ሌላ ሲሳብ የሚጠፋ፣ በሌላኛው እጁ ምት እንዲመታ ሲታዘዝ የዚያን ምት የሚከተል መንቀጥቀጥ ነው። እውነተኛ ሕመም ነው፤ «ምንም የለህም» ተብሎ መሸኘት የለበትም። ጸበል ስለመሄድም ብዙ እጠየቃለሁ። ሄዶ መጠመቅን የሚከለክል ሕክምና የለም። የሚያስፈራኝ ክኒኑን አቋርጦ መሄድ ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይ የሆነ የማያባራ ጥቃት ሊያስነሳ ይችላል።

ወደ ኤምአርአዩ ጥያቄ ልምጣ። በምሠራበት አካባቢ፣ ከቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ በሚያወጣው መንገድ፣ የአንጎል ፊልም በትልቅ ፌስታል ይዘው ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞሩ ሰዎችን በየቀኑ አያለሁ፤ አብዛኛው ፊልም ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ መሆኑም ምንም አልመለሰም። ፓርኪንሰንም ኢሴንሻል ትሬመርም በተለመደው ኤምአርአይ አይታዩም። ሁለቱም የሚታወቁት በዐይን በማየት፣ በመጠየቅና በእጅ በመመርመር ነው። ኤምአርአይ የሚገባው መንቀጥቀጡ በድንገት ሲጀምር፣ በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ከዚያው ወገን አቅም ማጣት ወይም ከንግግር መተሳሰር ጋር ሲመጣ፣ ሚዛን ሲያስት ወይም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ሲከተል ነው። ለአባትዎ የምመርጠው ቲኤስኤች፣ የደም ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፤ የሁሉም ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ኤምአርአይ በታች ነው። መንቀጥቀጥ ከ40 ዓመት በታች ባለ ሰው ላይ ጠንከር ብሎ ሲታይ ግን መዳብ በጉበትና በአንጎል የሚከማችበትን የዊልሰን ሕመም መፈለግ ግድ ነው፤ ብርቅ ቢሆንም በመድኃኒት የሚገታ ስለሆነ መሳት የለበትም።

ስለ ቢ-ኮምፕሌክሱ መርፌ ብዙ አልልም። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ነርቭን ይጎዳል፣ ሲኖርም መታከም አለበት፤ እጥረት ለሌለው ሰው ግን መንቀጥቀጥ አያቆምም። በውስጡ ያለው ቢ 6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ያደነዝዛል። ያቁሙ።

ምርመራው ኢሴንሻል ትሬመር ሆኖ ከተገኘ መታከም የሚያስፈልገው ኑሮን ሲያውክ ነው፤ የአባትዎ እዚያ ደርሷል። በብዛት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ነው፤ ርካሽ ነው፣ ብዙዎቹን ይረዳል። ሆኖም አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ ስለሚዘጋ ለአባትዎ አይሆንም። «ለጎረቤቴ ሠርቶለታል» ተብሎ ያለ ማዘዣ እንዳይሰጣቸው ይህን መስመር ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። ለእርሳቸው ሐኪም ፕሪሚዶንን ወይም ቶፒራሜትን በትንሽ መጠን ጀምሮ ሊያስብ ይችላል፤ ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ስለሚያደነዝዙ ማታ ይጀመራሉ። ሌላው ማስጠንቀቂያ ትራይሄክሲፌኒዲልን፣ ብዙዎች አርቴን የሚሉትን ይመለከታል። ለመንቀጥቀጥ ጥሩ ነው እየተባለ ለአዛውንት ሲሰጥ ሽንት ይይዛል፣ ግራ ያጋባል፣ የዐይን ግፊት ያለበትን ሊያሳውር ይችላል፤ ኢሴንሻል ትሬመርን ደግሞ አይፈውስም። ፓርኪንሰን ከሆነ ሕክምናው ፍጹም ሌላ ነው፤ ዋናው ሌቮዶፓ ነው፣ ከምግብ በፊት ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰድ ይሻላል።

ከመድኃኒቱ ጎን ጥቂት ነገር ማስተካከል ቀላል ነው። ቡናቸውን ግማሽ ተሞልቶ፣ ጆሮ ባለው ከበድ ያለ ኩባያ ይጠጡ፤ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስደግፉ። ወፍራምና ከበድ ያለ እስክሪብቶ ይረዳል። ለባንኩ ከሐኪም ስለ ሕመማቸው የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይዘው የፊርማ ናሙናቸውን ያሳድሱ፤ ሕክምናው ከተጀመረ አንድ ሁለት ወር በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ እጃቸው ሲረጋ ፊርማቸው እንደገና ሊለወጥ ስለሚችል።

የእርስዎን በተመለከተ፣ የአባትዎ ሕመም በዘር የሚተላለፍ ኢሴንሻል ትሬመር ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እስከ ግማሽ ይደርሳል፤ ቢወረስም በሃያዎቹ ወይም ከስድሳ በኋላ ሊወጣ፣ እድሜ ልክም ቀላል ሆኖ ሊቀር ይችላል። እጅዎ የሚንቀጠቀጠው ስብሰባ ላይ ብቻ ከሆነና ብቻዎን ሲጽፉ ጸጥ የሚል ከሆነ ይህ የአድሬናሊን ሥራ ነው። ቀን ውስጥ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጠጥተው ቢሮ ደግሞ ማኪያቶ ካከሉ፣ ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ ከሰዓት በኋላ ያለው ስብሰባ ላይ መንቀጥቀጥዎ አይደንቅም። ቲኤስኤችዎን አንድ ጊዜ ያሠሩ፤ ኤምአርአይ አያስፈልግዎትም። የዐይን ሽፋን መርገብገብ ከእንቅልፍ ማነስ፣ ከኮምፒውተርና ከካፌይን ጋር የሚመጣ የአንዲት ትንሽ ጡንቻ ግርግር ነው፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ከሦስት ወር ካለፈ፣ ዐይንዎን ጨርሶ የሚጨፍንብዎ ከሆነ፣ ወይም ከዐይንዎ ጋር የከንፈርዎን ጥግ አብሮ መሳብ ከጀመረ ግን የፊት ነርቭ በደም ሥር የሚነካበት ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ይይዎት።